በወለላችን ሥር የገባችው ጀልባ

የካ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ለይኩን፣

ደብዳቤዎን ሰላሙ ትናንት ከዓሣ ማመላለሻ መኪናው አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት እማዬ «ዝዋይን እንዳለ አመጣሽብኝ» ብላ ሳቀች። እንዴት ሰነበቱ? ጆሮዎ ጭራሽ መስማት እንደተወ ጽፈውልኛል። ስልክ አንስቼ ባናግርዎ ስንቱ በቀለለ ነበር፤ ግን ዕድሜ ልኩን የጀልባ ሞተር የጮኸበት ጆሮ ነውና ምን ይደረጋል፣ በወረቀት እንጨዋወታለን።

«ከአባትሽ ቀብር ወዲህ የት ጠፋሽ?» ላሉኝ፤ መጀመሪያ ሐዘን ነበር፣ ቀጥሎ እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ረዘመና በምን አፌ ብዬ አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ።

«ይህን ያህል ሴት ሆነሽ የአሻንጉሊት ጀልባ ምን ያደርግልሻል?» ብለዋል። በሰላሙ በኩል የላክሁት ጥያቄ ሳያስቅዎ አልቀረም። የጠየቅኩት ግን ፈርቼ ነው።

ቤታችን ሥር የሚያልፈውን ወንዝ መቼም አይረሱትም። ከእንጦጦ ወርዶ በጓዳ በኩል ይገባል፣ በመኝታ ክፍሉ ሥር አቋርጦ ከግቢው በታች ይወጣል። ባለፈው ክረምት ውሃው በወለሉ ስንጥቅ ብቅ ብሎ የአልጋውን እግር ነካ። አሁን በጋ ሆኖ እንኳ ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር፤ አሁን አንድ ነገር ላይ ደርሶ ይቆምና፣ ቆይቶ ጉሮሮው እንደተለቀቀ ሰው ጓ ብሎ ይሄዳል። ቤት በዋልኩ ቀን መቁጠር ጀምሬአለሁ። እሱ በቆመ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ወረዳ አመለከትኩ። ቢንያም የሚባል መሐንዲስ መጥቶ አየና «እህቴ፣ ምን የት ላይ እንደሆነ ሳላይ የሰው ወለል አላስቆፍርም። ሰውም አላስገባም፤ ውስጡ አየር የለም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔም ከታች በኩል ተንበርክኬ አይቼዋለሁ። ከፍታው ከጉልበት ብዙም አያልፍም፣ ውሃው አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ላዩን ፌስታል ሸፍኖታል። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

እንደሚያውቁት እኔ መገናኛ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪኑ ተሰብሮ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ሞልቶኛል። አንዱን ስልክ መብራቱን እንዳበራ ተሸክማ እዚያ ውስጥ የምትገባ፣ እንዲህ ባለ ስስ ውሃ ላይ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ እንዴት ልሥራ? ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ። አባዬ «ይህን ወለል እኔና ለይኩን ነን የሠራነው» ሲል እሰማ ነበር። ከሥሩ ምን እንዳቆማችሁ ያስታውሳሉ? እማዬን አልጠይቃትም፤ መፍራቴን እንድታውቅብኝ አልፈልግም።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ባቱ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጵርስቅላ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለጫልቱ። ዳሌዋ መሰበሩን ይህን ያህል ጊዜ ቆይቼ በወረቀት መስማቴ አሳፈረኝ። የጠፋሁት እኔም ነኝና ይቅርታውን እኩል እንካፈለው።

ወደ ጀልባዋ ልግባ። በውሃ ውስጥ የሚዞር ፕሮፔለር ፈጽሞ አታስቢ። እዚህ ሐይቁ ዳር ስንት ሞተር በደንገልና በጭቃ ታንቆ ሲሞት አይቻለሁ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ፕሮፔለር ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ የበላውም ነው የሚገድለው። ያንቺ ደግሞ ፌስታል ያለበት ነው። ታቿ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ይሁን። ቀላል ነገር ፈልጊ፣ ሁለት ጣት ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ትሁን።

ስትልኪያት ከታችኛው አፍ ወደ ላይ ይሁን እንጂ ከላይ ወደ ታች እንዳታደርጊው። ወደ ላይ ስትሄድ ሞተሩ ቢሞትብሽ ውሃው ራሱ መልሶ ያመጣልሻል። ከላይ ከለቀቅሻት ግን ወስዶ የተደፈነው ላይ ይወትፋታል፣ ያኔ ጀልባም የለሽ፣ ስልክም የለሽ።

የወለሉን ነገር ጠይቀሽኛል። ዘመኑ ሩቅ ነው፣ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። እስከዚያው አንቺ ንገሪኝ፤ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል የሚተኛው ማን ነው? አልጋውስ የቆመው የት ጋ ነው፣ ጥግ ላይ ወይስ መሐል?

ለይኩን


የካ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ለይኩን፣

እንደምን አሉ? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። እማዬ በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ በር መሄድ ጀምራለች።

በመጀመሪያ ይቅርታ፤ ምክርዎን አልሰማሁም። ከአሻንጉሊት መኪና ያወጣሁት ሞተር ነበረኝና ፕሮፔለር ሠርቼለት ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ይዤው ወጣሁ። ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሐል ምንጩ የሚተኛበት አንድ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ውሃው የእኛን ቤት ወንዝ ያህል ስስ ነው። ጀልባዋ አሥር እርምጃ ሳትሄድ የባሕር ዛፍ ልጥ ተጠመጠመባትና ቆመች። ከዚያ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የቆረጥኩትን እንደ ወፍጮ የሚዞር መቅዘፊያ አደረግሁላት። ያ ደግሞ ድንጋይ በነካ ቁጥር ጀልባዋን ያዘልላታል፣ ውሃውን እስከ ስልኩ ይረጨዋል። እንዲያው ባየኝ ሰው ፊት ሳፍር ዋልኩ።

አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጠበል ይዘው ሲወርዱ ቆመው አዩኝ። ገብረ ክርስቶስ እባላለሁ አሉኝ።

«ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጀልባ ነው፣ አባባ። እየሞከርኩ ነው።»

«ኧረ እዚህ ጀልባ የሚያሻው ውሃ የለም።» ጎንበስ ብለው ምንጩን አዩት። «ለነገሩ ግን በግንቦት እንዲህ ሲሞላ አይቼው አላውቅም። ሣሩን አየሽው? ሥሩ ውሃ ይዟል። ክረምቱ ሳይገባ ተራራው ጠግቧል። ቤትሽ የት ነው?»

«እታች፣ ከሾላ ገበያ በላይ። ወንዙ ዳር።»

«እንግዲህ... እሱ ያውቃል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያችን «እንግዲህ» እስካሁን ከጆሮዬ ማውጣት አቃተኝ።

ላሉኝ ነገር፤ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል የምትተኛው እማዬ ናት። አልጋው መሐል ላይ ነው። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ነኝ፤ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ዘቢደር የምትባል፣ ሾላ እህል የምትሸጥ ተከራይ አለች። ግን ለምን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ? ሐሙስ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ላይም ከሰላምታው አስቀድመው የጻፉት ይህንኑ ነው።

የመኝታ ክፍሉ መስኮት መስታወት ከትናንት ወዲያ ተሰንጥቋል። የነካው ሰው የለም።

ጵርስቅላ


ባቱ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው።

ነፋስ ይግፋት። አንድ ጊዜ ሐይቁን ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ከኋላዋ ትልቅ ማራገቢያ የቆመባት ጀልባ አምጥተው ነበር። በውሃው ውስጥ የሚዞር አንድም ነገር አልነበራትም። እኛ በእንጨት እየገፋን የማናልፈውን ደንገል በላዩ ተንሸራታ ስትሄድ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ያንቺም እንደዚያ ትሁን። ማራገቢያውን ላይዋ ላይ ወደ ኋላ አዙረሽ ትከይው፤ አየሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች። ከላይ ሲከብዳት እንዳትገለበጥ ወርዷን አስፊ፣ ባትሪውን ታች አድርጊ። በአራቱ ማዕዘኗ የጠርሙስ ክዳን እንዲዞር አድርገሽ ስኪባት፤ ግድግዳ ስትነካ እየተንከባለለች ታልፋለች። መሪ አያስፈልጋትም፣ ግድግዳው ራሱ ይመራታል። ሲባጎ እሰሪባትና በየሜትሩ ቋጥሪው።

አሁን እንደ አባት ልዘዝሽ። የጫልቱን አልጋ ይህ ወረቀት በደረሰሽ ቀን ወደ ሳሎን አውጪው። ለምን እንዳትዪኝ።

ለይኩን


የካ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ለይኩን፣

ጀልባዋ ሄደች። እንዲያውም ጥሩ አድርጋ ነው የሄደችው። አካሏ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው፤ ታቿን በሰፊ ፕላስተር ለብጬዋለሁ። ማራገቢያዋ ከሱቄ አጠገብ ያለው የውበት ሳሎን የጣለው የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ማሞቂያው ተቃጥሏል እንጂ ሞተሩ ደህና ነበር። ባትሪዋን ከአሮጌ ላፕቶፕ አወጣሁ። ቅዳሜ እንጦጦ ስለቃት ልጡም ቅጠሉም ላይ እየተንሸራተተች ውሃውን አቋርጣ ማዶ ወጣች፤ ደረቅ ሣር ላይ ደርሳ እንኳ ትፍጨረጨር ነበር። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከፍርሃቴ ያረፍኩት ያችን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

አልጋውን አወጣሽ ወይ ብለው በሰላሙ ላስጠየቁኝ፤ አላወጣሁም። እማዬ እምቢ አለች። እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም። «ባሌ የሞተበት አልጋ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም» አለችኝ። «እሺ አንቺ ብቻ ሳሎን ተኚ፣ እኔ እዚያ እተኛለሁ» ስላት ምርኩዟን አንስታ ወለሉን መታችው። «አንቺ? እዚያ ክፍል ውስጥ? በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቁጡ ሆናለች ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር፣ ልብስ አስጥቼ ነበር። ድንገት ዘቢደር ከክፍሏ በባዶ እግሯ ወጥታ «ጵርስቅላ፣ ስሚ» አለች። ወንዙ ዝም ብሏል። ጭራሽ። ቀና ስል እንጦጦ በደመና ጠፍቷል። እዚያ ዘንቦ እዚህ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሲመጣ ከወለሉ ሥር እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ትዘምራለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወለሉን አያለሁ። ከግድግዳው ግርጌ መዳፍ የሚያህል ልስን ወደቀ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ግን ዝናቡ ትንሽ ነበር፣ ጋሽ ለይኩን። ክረምት አይደለም እኮ ገና።

የሚያውቁት ነገር አለ። ድፍረት ይሆንብኛል እንጂ ከሦስተኛው ደብዳቤዎ ጀምሮ ገብቶኛል። ቅዳሜ ግንቦት 30 ጀልባዋን አስገባለሁ። ከዚያ በፊት ይንገሩኝ፤ ምን ላይ እንደምልካት አውቄ ልላካት።

ጵርስቅላ


ባቱ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጵርስቅላ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ዛሬ በጧት መልሱን ይዤ ወደ ሰላሙ ብሄድ መኪናው ጋራዥ ገብታለች፤ እስከ ማክሰኞ አትወጣም አሉኝ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባርኮት የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ቁጥርሽን ሰጥቼ «ለይኩን ከቤቱ ውጡ ብሏል በያት» አልኳት። ሦስት ጊዜ ደወለች። እኔ ከንፈሯን እያየሁ ቆሜአለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ራሷን ነቀነቀችብኝ። ወር ሙሉ ይህን ማድረግ እችል ነበር፤ በሰው አፍ መናገሩን አፍሬ በወረቀት እያዘገየሁ ቆየሁ።

አሁን እጽፍልሻለሁ። በ1985 ክረምት ሊገባ ሲል ጫልቱ አንቺን ልትወልድ ቀርባ ነበር። እኔና አባትሽ ያኔ አንድ ጋራዥ ነበርን፤ ወንዙን ሸፍነን ያን ክፍል የሠራነው በዕረፍት ቀናችን ነው። አባትሽ ለሥራ ድሬዳዋ ሲላክ «የመሐሉን ምሰሶ አንተ ጨርስልኝ» ብሎኝ ሄደ። ወለሉ ያረፈው በዚያ ምሰሶ ላይ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ሲሚንቶው አለቀ። እንጦጦ በየቀኑ ይጠቁራል፣ ጫልቱ በየቀኑ «መቼ ነው?» ትለኛለች። ድንጋዩን በጭቃ አያያዝኩትና ላዩን ቀጭን የሲሚንቶ ልስን ለበጥኩበት። አባትሽ ሲመጣ በእጁ መታ መታ አደረገውና «ለይኩን፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ።

ዝም አልኩ። በጋ ሲሆን አስተካክለዋለሁ አልኩ። በጋ ሲሆን እዚህ ሥራ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ እሱን ባገኘሁት ቁጥር ልነግረው እነሳና ሌላ ወሬ አወራ ነበር። ሲሞት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

ውጡ። ጀልባዋን ተያት፣ ውጡ።

ለይኩን


የካ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ለይኩን፣

ደብዳቤዎን ማክሰኞ ሰላሙ አመጣልኝ። በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳይጨነቁ ነው።

ባርኮት ስትደውል ስልኬ ያልሠራው ጀልባዋ ላይ ስለነበር ነው። የተሰበሩት ስልኮች መብራታቸው ደካማ ሆነብኝና በመጨረሻው ሰዓት የራሴን አሰርኩባት። ለካ እርስዎ ሲያስደውሉ ስልኬ ወለላችን ሥር ነበር።

ሲባጎውን እየለቀቅኩ ቋጠሮ ቆጠርኩ። አሥራ አራተኛው ላይ ቆመች። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሲባጎው ግን አይሄድም። ስጎትተውም አይመጣም። ዘቢደር «ተይው በቃ፣ ስልክ ነው፣ ይቅርብሽ» አለችኝ። ይዤ ቆየሁ። ባትሪው አልቆ ማራገቢያው ሲያቆም፣ ምን እንደለቀቃት እንጃ፣ ውሃው ቀስ አድርጎ አመጣት።

ቪዲዮውን እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ግድግዳ፣ ፌስታል፣ አንድ የሞተ አይጥ። ቀጥሎ ምሰሶው። ልስኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ታቹ ጭራሽ የለም። እኔ ምሰሶው ወለሉን የተሸከመ መስሎኝ ነበር፤ ወለሉ ነው ምሰሶውን አንጠልጥሎ የያዘው። ከኋላው የሕንፃ ፍርስራሽ ተቆልሎ ውሃውን ገድቦታል፤ ድምፁን የሚያቆመው እሱ ነበር። ጀልባዋ እዚያ ቆማ መብራቷን ባበራችበት ሰዓት አንድ ድንጋይ ብቻውን ከምሰሶው ለቀቀና ወደቀ። የወደቀበትን ድምፅ ከላይ ከእማዬ መዝሙር ጋር አብሮ ቀድቶታል።

ለቢንያም ደወልኩለት። ቅዳሜ ቢሆንም መጣ። ቪዲዮውን ግማሽ ድረስ አየና «ላይ ማነው ያለው?» አለኝ። «እናቴ» ስለው ስልኩን እጄ ላይ ትቶ ሮጠ፤ እኔና ዘቢደርም ተከትለነው ገባን።

እማዬ አልተከራከረችም። ቢንያምን «መጀመሪያ ዘቢደር ትውጣ፣ ቀጥሎ ልጄ፣ ከዚያ እኔን ውሰደኝ» አለችው።

«እማማ፣ ጊዜ የለንም እኮ!»

«ጊዜ ከሌለህ ለምን ቆመህ ታወራለህ?»

እንዳለችው አደረግን። አሁን ያለነው በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነው። ሰኞ ከሰዓት እንጦጦ ላይ ዘነበ። ክፍሉ የለም። እኔ ሄጄ አላየሁትም፤ ያየችው ዘቢደር ናት። ስትመለስ እማዬ አጠገብ ተቀመጠችና እግሯን ታሽላት ጀመር።

አሁን ስለ ደብዳቤዎ። ጭቃውን ምናልባት ይቅር እላለሁ፤ ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ዝናብ ነበር። ይቅር ማለት ያቃተኝ የዘንድሮውን ግንቦት ነው። ጀልባ አላስፈለገኝም ነበር፣ ጋሽ ለይኩን። አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። እርስዎ ስለ ክዳንና ስለ ሲባጎ ሲጽፉልኝ እናቴ እዚያ ላይ ተኝታ ነበር።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ደብዳቤውን ደብቄዋለሁ፤ የባሏ ወዳጅ እንደሆኑ ይቅሩላት። ለጊዜው አይጻፉልኝ።

ጵርስቅላ


የካ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይኩን፣

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ጫልቱ ነኝ። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቀስ ብለህ አንብበው። ልጅቷ ደብዳቤህን የደበቀችው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከእኔ ምን ይደበቃል? አነበብኩት።

አንተ ብቻህን የምታውቀው መስሎህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተሸክመኸው ኖርክ። ጭቃውን ማን አቀበለህ? ሆዴን በአንድ እጄ ይዤ በባልዲ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። «ለልስን ነው» አልከኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ለይኩን። የልስን ጭቃ ጭድ ይፈልጋል። አንተ ጭድ አልጠየቅኸኝም። ያኔውኑ ገባኝ። ዝም ያልኩት ክፍሉን ስለፈለግሁት ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ልጄን የማስተኛበት ቤት ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወለድኩ። በመጀመሪያው ቀን እዚያ ክፍል አስተኛኋት። ውሃው ከሥሯ ሲሄድ ሰማሁት። አንስቼ ወደ ሳሎን ወሰድኳትና ሁለተኛ አልመለስኳትም። እንግዳ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ፣ ተከራይ ቢለምነኝ፣ ከእኔ በቀር ማንም እዚያ እንዳይተኛ አደረግሁ። የባሌ ትዝታ ነው የምለው ለሰው የምናገረው ነው። አንድ ሰው መተኛት ካለበት የዝም ማለቱን ዋጋ የበላው ይተኛ ብዬ ነው። ባሌን ግን አብሬ አስተኛሁት። እሱን ምን ብዬ ላስወጣው እችል ነበር? ዘንቦ ባደረ ቁጥር ጧት ነቅቼ መጀመሪያ የማደርገው ደረቱ ላይ እጄን መጫን ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ስማኝ። ልጅቷ ላንተ ተቆጥታለች፤ አትበላም፣ ሥራም አልሄደችም፣ ጀልባዋንም ፈታታ ካርቶን ውስጥ ከታዋለች። እኔን ግን እንደ ታቦት ነው የምታየኝ። «እማዬ ምንም ሳታውቅ ሞት ላይ ተኝታ» እያለች ለዘቢደር ስታለቅስ ሰማኋት። አንጀቴን በላችው። ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ስጪኝ አልኩ። ጎርፉን እንዲህ አልፈራሁትም።

አይጻፉልኝ እንዳለችህም ሰምቻለሁ። አትጻፍ። ና። አጠገቤ ቁጭ በልና አብረን እንንገራት።

ጫልቱ


ባቱ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጫልቱ፣

ደብዳቤሽን ሐይቁ ዳር፣ የምጠግናት ጀልባ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሁለታችንም አንድ ነገር ስንፈራ አንዳችን የሌላውን ሳናውቅ ማርጀታችን ነው የገረመኝ።

ዓርብ ሰኔ 20 እመጣለሁ። ሰላሙ ከጎኑ ወንበር ይዞልኛል። «ና» ብለሽ ባትጽፊልኝ ኖሮ በራሴ አልመጣም ነበር፤ ይህን ውሸት አልጨምርበትም።

ንግግሩን እኔ ልጀምር። ምሰሶው የእኔ ነው። አንቺ እኔ ከጨረስኩ በኋላ ያንቺን ተናገሪ፣ አታሳጥሪው፣ የባልሽንም ነገር አትዝለዪው። ዘቢደርም ብትኖር ጥሩ ነው፤ ልጅቷ ከእኛ ሌላ የምትይዘው እጅ ያስፈልጋታል። ተነሥታ ብትወጣ አትጥሪያት፣ እኔም አልከተላትም። እዚያው አዳራሹ ውስጥ እንቀመጣለን።

ሰላሙ «ታዲያ መቼ ልመልስዎ?» ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። «ልጅቷ ስታናግረኝ» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩለት።

ለይኩን